እንዶድን ከአጥር ወደ ገበያ የሚያወጣ ምሩቅ ያስፈልገናል

በደብረ ታቦር ዙሪያ ባሉ የገበሬ ማኅበራት፣ በፋርጣም ሆነ በጉና በጌምድር፣ እንዶድን የማያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ከአጥርና ከዛፍ ላይ ተንጠላጥሎ ያድጋል፤ ፍሬው ተለቅሞ፣ ደርቆና ተወቅጦ ጋቢና ቀሚስ ይታጠብበታል። ሳሙና በየሱቁ ከገባ ወዲህ ግን ብዙው ሰው ችላ ብሎታል፤ አጥር ሲታደስም ተመንጥሮ ይጣላል። ዛሬ ይህን ተክል የማነሣው ስለ ልብስ አጠባ ለማውራት አይደለም። ልጆቻችን ኮሌጅ ገብተው ምን ቢማሩ ለገበሬው ይበጃል የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል፤ ለዚህ ጥያቄ ከእንዶድ ታሪክ የተሻለ መልስ የሚሰጥ ነገር በአገራችን አላውቅም።

ነገሩን ከበሽታው እንጀምር። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ቁልቁል ወርደው ጣና ይገባሉ። ደጋው ላይ፣ ደብረ ታቦር ባለበት ከፍታ፣ ቢልሃርዚያ እምብዛም አያሰጋም፤ ብርዱ ለበሽታው መተላለፍ አይመችም። ውኃው ወደ ፎገራ፣ ወደ ደራና ወደ ሊቦ ከምከም ሜዳ ሲወርድ ግን ሙቀቱም፣ የመስኖ ቦዩም፣ ቀስ ብሎ የሚሄደው ውኃም በሽታውን ለሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ተስማሚ ይሆናሉ። የሕመምተኛ ሰገራ ወደ ውኃ ሲገባ በውስጡ ያለው እንቁላል ይፈለፈላል። የተፈለፈለው እጭ ከቀንድ አውጣው ሰውነት ገብቶ ይራባል። ከዚያ ወጥቶ በውኃው ውስጥ እየዋኘ ልብስ የሚያጥበውን፣ ከብት የሚያጠጣውን፣ የሚዋኘውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ትሉ በአንጀት አካባቢ ባሉ የደም ሥሮች ይኖራል፤ ዓመታት ሲቆጠሩ ጉበት ይጎዳል፣ ሆድ ይነፋል፣ ልጅ ከትምህርቱ ጎልማሳም ከእርሻው ይደክማል። ቀንድ አውጣው ከመካከል ቢወጣ በሽታው መሸጋገሪያ ያጣል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ወጣት ሳይንቲስት፣ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን በፈጸሙበት ዓመት፣ ዓድዋ ላይ ወንዝ ለወንዝ እየተዘዋወሩ ቀንድ አውጣ ይመረምሩ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አዩ፤ በሌላው የወንዙ ክፍል ግን በሕይወት ነበሩ። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው በዕቃ አደረጉና ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ እንዲጨምሩበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። እንዶድ ብርቱ መሆኑን አጣቢዎቹ ከእናት ከአያታቸው ተምረውታል፤ ዓሣ እንደሚገድልም ባላገሩ ያውቅ ነበር። ሳይንቲስቱ ያመጡት አዲስ ነገር ያንን እውቀት ከቢልሃርዚያ ጋር ማገናኘታቸው ነው።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ቀላል አልነበረም። ዶክተር አክሊሉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ ዛሬ ኢንስቲትዩቱ በስማቸው ይጠራል። ከእሳቸው ጋር የሠሩት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ በየአውራጃው የሚበቅለውን የእንዶድ ዓይነት እየሰበሰቡ፣ እየተከሉና እያነጻጸሩ ብዙ ፍሬ የሚሰጠውንና ኃይሉ የበረታውን ለዩ። ከተመረጡት ውስጥ ስሙ የወጣለት ዓይነት 44 የሚባለው ነው። እዚህ ላይ የእርሻ ሰው የሚገባው ቁም ነገር አለ። እንዶድ ወንዴና ሴቴ ያለው ተክል ነው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ናት፣ ወንዴው በአጠገቧ ከሌለ ግን ፍሬዋ አይረባም። ቀንድ አውጣ ለመግደል የሚመረጠውም የቀላው ፍሬ ሳይሆን አድጎ ገና አረንጓዴ ሳለ የተለቀመው ነው። ከቁራጭ ስለሚበቅል የተመረጠውን ዓይነት ሳይለወጥ ማባዛት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ዓድዋ ላይ የአምስት ዓመት ሙከራ ተደረገ። በአካባቢው የተገኘ እንዶድ እየተፈጨ በተመረጡ ወንዞች ላይ ተረጨ። ሙከራው ሲጀመር ከመቶው ስድሳ ያህሉን ይዞ የነበረው ቢልሃርዚያ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። በሙከራው ዓመታት ውስጥ በተወለዱትና ገና ከውኃው ጋር መተዋወቅ በጀመሩት ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 ከመቶ ወደ 7 ከመቶ ገደማ ወረደ። ለዚህ ዓይነት ውጤት የውጭ ምንዛሪ አላስፈለገም፤ መድኃኒቱ የተለቀመው ከዚያው ከአካባቢው ነው።

ታዲያ እንዶድ ለምን በየጤና ጣቢያው አልገባም? ለምንስ ፎገራ ሜዳ ላይ አናየውም?

ብዙ ሰው ሲጠየቅ «ፈረንጅ ከለከለ» ብሎ ያልፋል። በከፊል እውነት አለበት፣ ነገር ግን ነገሩን ሁሉ አያስረዳም። በዚያን ጊዜ ለዚሁ ሥራ በዓለም ገበያ ላይ የነበረው የባየር ኩባንያ ምርት፣ ባይሉሳይድ የሚባለው ነው። እንዶድ ከእሱ ጋር በእኩል እንዲታይ በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት የመርዛማነት ምርመራ እንዲደረግለት ተጠየቀ፤ ይኸውም ለሰው፣ ለከብትና ለዓሣ ምን ያህል እንደሚያሰጋ በታወቀ ላቦራቶሪ መረጋገጥ ነበረበት። በበኩሌ ጥያቄው ተገቢ ነበር እላለሁ። ውኃ ላይ የሚረጭ ነገር ሳይመረመር ይረጭ የሚል የገበሬ ማኅበር መሪ የለም። የከፋው ሌላ ነው። እንዲህ ያለው ምርመራ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ኩባንያ ለራሱ ምርት ይከፍላል፣ ድሃ ገበሬ አጥሩ ላይ ለሚያበቅለው ተክል የሚከፍል ግን ማን ነው? ከብዙ ዓመታት መጓተት በኋላ የካናዳ የልማት ምርምር ድርጅት ረድቶ ምርመራው ቢደረግም፣ ከዓድዋው ግኝት ሃያ ዓመት አልፎ ነበር።

ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። የሚያስከብር ነገር ነው። ነገር ግን ሽልማት ፋብሪካ አይተክልም። ብዙም ሳይቆይ እንዶድ በአሜሪካ ሌላ ሥራ ተገኘለት። እዚያ በታላላቅ ሐይቆች የገባ ትንሽ ባለ ዛጎል ፍጡር የውኃ ቧንቧ እየደፈነ ከተሞችን ያስቸግር ነበር። ዶክተር አክሊሉ ከቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋር ሆነው ሲሞክሩት እንዶድ ያንንም ገደለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዚህ አጠቃቀም የባለቤትነት መብት፣ ፓተንት የሚሉት፣ ተመዘገበ። የተመዘገበው ግን በዩኒቨርሲቲው እጅ ነው፤ እንዶዱን ለዘመናት ያቆዩት አጣቢ ሴቶች በወረቀቱ ላይ የሉበትም። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 ዐረፉ።

ከዚህ ታሪክ ጎን ሌላ እናስቀምጥ። ኮአርተም የሚባለውን የወባ መድኃኒት የሊቦ ከምከምና የፎገራ ሰው በሚገባ ያውቀዋል። ይህም ከተክል የወጣ ነው። አርቴሚሲያ የምትባል ከአሪቲ ጋር የምትዛመድ ቅጠል በቻይና የባህል መድኃኒት ነበረች። ቱ ዩዩ የተባሉ ሴት ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1972 ፍቱኑን ንጥረ ነገር ለዩት፤ በ2015ም ለዚህ ሥራ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። እስከዚህ ድረስ ከእንዶድ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። የቻይና ተመራማሪዎች ከሌላ መድኃኒት ጋር አጣመሩት፣ በሕመምተኞች ላይ ተፈተነ፣ ኖቫርቲስ ከሚባለው የስዊስ ኩባንያ ጋር ውል ተዋዋሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ኩባንያው ከዓለም የጤና ድርጅት ጋር ተስማምቶ ለድሃ አገሮች መንግሥታት ያለ ትርፍ ለመሸጥ ፈቀደ። ቅጠሉን በቻይና፣ በቬትናምና በምሥራቅ አፍሪካ የሚዘሩ ገበሬዎች ገዢ አገኙ። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2004 ኮአርተምን የመጀመሪያ የወባ መድኃኒት አደረገችው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሐኪም አለ፣ ኬሚስት አለ፣ ውል የሚያውቅ አለ፣ ዋጋ የሚያሰላ አለ፣ ገበሬም አለ። እንዶድ የጎደሉት ከላቦራቶሪው በኋላ ያሉት ናቸው።

የደብረ ታቦር ሰው ይህን የመሰለ ነገር ከጋፋት ያውቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን እዚያ አስቀልጠው አሠሩ፤ ንጉሡ ወደ መቅደላ ሲሄዱ መድፉም ባለሙያዎቹም አብረው ሄዱ፣ በጋፋት የቀጠለ ፋብሪካ አልነበረም። መሥራት ተችሏል፤ የሚያስቀጥለው ሥርዓት ግን አልተተከለም።

አሁን ወደ ልጆቻችን ልምጣ። በየቀበሌው ወላጅ ልጁ ሐኪም ወይም ኢንጂነር እንዲሆንለት ይመኛል፤ ምኞቱ አይነቀፍም። ነገር ግን ዲግሪ ይዘው ከወላጅ ቤት የተቀመጡትን ስናይ፣ ከእነሱም አንዳንዶቹ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ አጥንተው ሥራ ያጡ ሲሆኑ፣ የሚጎድለውን መጠየቅ አለብን። ኬሚስትሪ የተማረው የእንዶድን አረፋ ንጥረ ነገር ሊለይ ይችላል፤ አንድ ኪሎ ዱቄት ለማምረት ምን ያህል ወጪ እንደሚሆን፣ ለማስመዝገብ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚኬድና ማን እንደሚገዛ ግን አልተማረም። ንግድ ያጠናው ወጪና ገቢ ያሰላል፤ ቢልሃርዚያ ከቀንድ አውጣ ጋር ምን እንዳገናኘው አይነገረውም። ነርሷ በሽተኛውን ታክማለች፤ ያው ልጅ በሦስተኛው ወር ከዚያው ወንዝ ይዞት ሲመለስ ከመድኃኒት በቀር በእጇ ያለ ነገር የለም። ሦስቱም ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ሊወጡ ይችላሉ። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ጤናም፣ ግብርናም፣ ንግድና ኢኮኖሚም ያስተምራል፤ ትምህርቶቹ ጎረቤት ሆነው ሳለ ተማሪዎቹ በአንድ ችግር ላይ አብረው ሲቀመጡ እምብዛም አይታይም።

የተለያየ ሙያ ያላቸውን ሰዎች አንድ ላይ አሠልጥኖ ማሰማራት ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ደምቢያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1953 የወባ ወረርሽኝ ሕዝቡን ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ያሠለጠነው ሐኪም ብቻ አልነበረም። የጤና መኮንን፣ የኮሙኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን ጎን ለጎን ሠልጥነው፣ በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር። አንዱ ያክማል፣ አንዷ እናቶችን ትከታተላለች፣ ሌላው ምንጭና መጸዳጃ ያሠራል። ያ ቡድን ለዘመኑ ብልህ አሠራር ነበር። ዛሬ በዚያ ቡድን ላይ አንድ ሰው መጨመር አለበት፤ እሱም ሳይንሱ የሚገባው ሆኖ የሥራ ዕቅድ የሚያወጣ፣ ፈቃድ የሚያስወጣ፣ ከኅብረት ሥራ ማኅበር ጋር ውል የሚዋዋል ነው። በውጭ አገር ሳይንስን፣ ንግድንና የጤና ፈጠራን አጣምረው የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል፤ በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከሃያ ዓመት በላይ ሐኪሙን፣ መሐንዲሱንና የንግድ ሰውን በአንድ ቡድን አስቀምጦ የሕክምና መሣሪያ ያስፈለስፋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም መድኃኒት ማልማትንና በሕመምተኛ ላይ መፈተንን የሚያስተምር ሲዲቲ አፍሪካ የሚባል ማዕከል አለ። መንገዱ ተከፍቷል፤ የገበሬ ልጅም ሊሄድበት ይገባል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን በየትምህርት ቤቱ በነፃ ሲታደል እንዶድ ምን ያደርጋል ይባላል። ክኒኑ መልካም ነው፤ ልጁን ከሚያመው ትል ያድነዋል፣ ማንም ወላጅ ልጁን እንዳያስቀር። ሆኖም የዳነውን ልጅ ነገ ከመያዝ አይከለክለውም። መጸዳጃ ከሌለ፣ ቀንድ አውጣውም በቦዩ ውስጥ ካለ፣ ዞሮ ይይዘዋል። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ከክኒኑ ጋር ቀንድ አውጣን መቆጣጠርና ንጹሕ ውኃና መጸዳጃን ማስፋፋት አብረው እንዲሄዱ መክሯል። እንዶድ ያለቀለት ነገር ነው የሚለውን ስለዚህ አልቀበልም።

በሌላ በኩል ደግሞ «እንግዲያውስ እንርጨው» ብሎ የሚነሣ እንዳይኖር አሳስባለሁ። እንዶድ ቀንድ አውጣን ሲገድል ዓሣንም ይገድላል። በክረምት ማብቂያ አካባቢ ከጣና የሚወጡ ቤዞ የምንላቸው ዓሣዎች እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ርብና ወደ ጉማራ ሽቅብ ይዋኛሉ። የብርብራ ፍሬ እየወቀጡ ወንዝ ላይ የሚበትኑ ሰዎች ያደረሱት ጥፋት ለዓሣ አስጋሪው የታወቀ ነው፤ በእሱ ላይ እንዶድ መጨመር ዘር ማጥፋት ይሆናል። መቼ፣ የት፣ ምን ያህል የሚለውን የሚወስነው ምርመራ ነው። ሆድ ለማጠብ ወይም ፅንስ ለማስወረድ ብሎ መጠጣትም ሕይወት ያጠፋልና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን በግልጽ ማስተማር አለባቸው። አዋቂ ምሩቅ ያስፈልገናል የምለው በዚሁ ምክንያት ጭምር ነው።

የደጋውንና የቆላማውን ጉዳይ ያገናኘሁትም በዘፈቀደ አይደለም። እንዶድ የሚስማማው ከፍታ ላይ ነው፣ በሽታው ያለው ዝቅ ብሎ ነው፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ወንዝ ያው አንድ ነው። የፋርጣ ኅብረት ሥራ ማኅበር አምራች፣ የፎገራ ሩዝ አምራች ማኅበርና የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ተጠቃሚ የሚሆኑበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ይህ ግን የሚሆነው ምርመራውና ፈቃዱ ሲሟላ ነው። ገዢ ሳይገኝ የገብስና የድንች መሬት ለእንዶድ ልቀቁ የሚል ቢመጣ አትስሙት፤ በአንድ ወቅት ገበያ አለ ተብሎ የተተከለ ስንት ነገር ማሳ ላይ እንደቀረ እናንተው ታውቃላችሁ።

ለገበሬ ማኅበር መሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ከዚህ የተነሣ ነው። ተማሪ ወይም ተመራማሪ ስለ ባህል መድኃኒት ሊጠይቅ ወደ ቀበሌያችሁ ሲመጣ በእንግድነት ተቀበሉት፤ ከዚያም ደብዳቤውን ጠይቁት። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የሚደነግግ ነው፤ ፈቃድ ሳይሰጥ የአገሪቱን የተክል ዘር ለምርምርና ለንግድ መውሰድ አይቻልም፣ የማኅበረሰቡን ዕውቀት ለመውሰድም ማኅበረሰቡ አስቀድሞ መስማማት አለበት፣ ከሚገኘው ጥቅምም ድርሻ አለው። ጤፋችን ላይ የደረሰውን አስታውሱ። በኔዘርላንድ የሚገኝ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት አውጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ላይ በዚያው አገር ፍርድ ቤት ዋጋ ቢስ እስኪባል ድረስ ስንት ዓመት አለፈ! ስለዚህ ማን መጣ፣ ምን ወሰደ፣ ምን ሊመልስ ቃል ገባ የሚለው በቃለ ጉባኤ ይያዝ። መዝገቡ ላይ ስለ ተክሉ የተናገሩት እናቶች ስም ይግባ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው የሊቀ መንበሩ ስም ብቻ ነው።

ለምረቃ የደረሱ የአካባቢው ልጆች ሲመጡም ዝም ብሎ «እንኳን ደስ ያለህ» ከማለት ይልቅ የመመረቂያ ጽሑፉን በቀበሌው ችግር ላይ እንዲያደርግ ጠይቁት። የእንስሳት ማደሪያም ይሁን፣ የመስኖ ቦይም ይሁን፣ እንዶድም ይሁን፣ ሥራው ወጪውን፣ ገዢውንና ለጤና የሚያመጣውን ጭምር እንዲያሳይ ንገሩት። ከትምህርት ቤት ክበባት ጋር ተነጋግሮ በአንድ ጥግ መሬት የተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶችን መትከል ከባድ ወጪ የለውም፤ ልጆቹ የትኛው ብዙ እንዳፈራ ዓመት ዓመት ቢመዘግቡ ለነገው ተመራማሪ ዘሩም መረጃውም ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ዶክተር ለገሠ በጊዜያቸው የጀመሩት ሥራ ከዚህ የተለየ አልነበረም።

እስከዚያው ድረስ የአጥር ማደሻው ወቅት ከመድረሱ በፊት ከእናቶች ጋር ዞራችሁ ፍሬ የሚሰጡትን የእንዶድ እግሮች ለዩ፤ በአጠገባቸው ያሉትን ወንዴዎችም እንዳትረሱ። ጨርቅ ታስሮባቸው ቢታወቁ፣ አጥር የሚያድሰው ወጣት ሳያውቅ አይቆርጣቸውም።